ድንጋይ አለስላሹ ጓንጉልና የንጉሡ ወለል

፩

በበጌምድር፣ የጥንት ንጉሥ አዳራሽ ባለበት አንድ ከተማ፣ ጓንጉል የሚባል ድንጋይ አለስላሽ ነበር ይላሉ። ያወሩልኝ ሰዎች በዓይናቸው አላዩትም፤ ለእነሱ ያወሩላቸውም አላዩትም። ግን ሁሉም ትናንት አብረውት የዋሉ ይመስል ነው የሚያወሩት። ቁመቱ አጭር፣ መዳፉ ሰፊ፣ ጉልበቱ ከመንበርከክ ብዛት የጠጠረ ነበር። እጁ ድንጋይ ያለሰልሳል፤ አፉ ግን ለማንም ለስልሶ አያውቅም።

አገሩን የሚገዙት ደጃዝማች ወንድይራድ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ፣ አጋፋሪያቸው ባሻ ገላው አንድ ምክር ይዞ ቀረበ። «ያ የንጉሥ አዳራሽ ወለሉ ጠቁሮና ተሰነጣጥቆ የሌሊት ወፍ ማደሪያ ሆኗል። ይፍረስና ድንጋዩ ለበቅሎዎቹ ጋጣ ይሁን» አለ። ለበቅሎ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጋጣውን የሚሠራው ወንድሙ እንዲሆንለት ነው።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ እህል አልወርድ አለው። ያንን ወለል አያቱም አባቱም ተንበርክከው ያለሰለሱት ነው፤ እሱም በዚያ ባለፈ ቁጥር ገባ ብሎ ድንጋዩን ሳይዳብስ አይሄድም። እየሮጠ ደጃዝማች ግቢ ደረሰና እጅ ነሥቶ፣ «አዳራሹን ይተዉልኝ፤ ወለሉን አድሼ እንደ ጥንቱ አደርገዋለሁ» ብሎ ለመነ።

ደጃዝማች ገረማቸው። «አንተ ሰው፣ ንጉሡ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው። ለሞተ ሰው ወለል ምን አደከመህ?» አሉት።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፤ በሕይወት ያሉት ጋጣ ብቻ ያሠራሉ።»

በችሎቱ የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ደጃዝማች ግን ሳቁ። «በል እንግዲያው እስከ ልጄ ሠርግ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ያን ቀን ወለሉ ፊቴን ካሳየኝ አዳራሹ ይቆማል፤ ካላሳየኝ ጋጣ ነው። ብቻህን አትዘልቀውም፤ ሰው እሰጥሃለሁ፣ ሙያውን አስተምራቸው» አሉ።

፪

ሰዎቹን የመረጠው ማን ነው ቢሉ፣ ራሱ ባሻ ገላው። በግቢው ውስጥ ሰነፍ የተባለውን፣ ከማዕድ ቤት ደጅ የማይጠፋውን ሁሉ ለቃቅሞ ላከለት። አንዱ የገዛ እህቱ ልጅ ነው፤ ልጅ እንግዳወርቅ ይባላል። ሌላው ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ሆዱን የሚቆርጠው ቢረሳው የሚባል ወታደር ነው። የቀሩትን ስማቸውን እንኳ የያዘ የለም።

ጓንጉል አላማረረም። አንበርክኮ ጀመረ። መጀመሪያ ወለሉን በሻካራ ድንጋይና በውኃ መፈግፈግ፣ ቀጥሎ በወንዝ አሸዋ፣ ቀጥሎ በሻሽ በተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ከዚያ በአመድ፤ መጨረሻ ላይ ቆዳና ሰም። ስንጥቁ ደግሞ በዚያው በድንጋዩ ዱቄትና በኖራ ይሞላል። ዓይናቸውን አስጨፍኖ መዳፋቸውን በየድንጋዩ ላይ እያስኬደ፣ የቱ እንደለሰለሰ የቱ እንደቀረው ያስለያቸዋል።

ልጅ እንግዳወርቅ ግን ቆሞ ቀረ። «እኔ የባላባት ልጅ ነኝ፤ ለድንጋይ አልንበረከክም። አንተ በቃል ንገረኝ፣ ይገባኛል» አለ።

ጓንጉል አጎዛ አነጠፈለትና ረፋዱን ሙሉ በቃል ሲነግረው ቆየ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከደጃዝማች ቤት ዶሮ ወጥ መጣ። ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው መሶቡን ከበቡ፤ እንግዳወርቅም ቀረብ ሊል ሲል ጓንጉል መሶቡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«አንተ እዚያው ቁጭ በል ልጄ፤ ወጡ የዶሮ ነው፣ በርበሬውም ልክ ነው፣ እንቁላሉም በስሏል። ገባህ?»

ከምሳ በኋላ ልጅ እንግዳወርቅ ተንበረከከ።

፫

ቢረሳውን ያሰለቸው አሸዋው ነበር። ሲያሹት ቢውሉ ድንጋዩ ያው ደብዛዛ ነው። አንድ ቀን ጓንጉል ዞር ሲልለት ከማዕድ ቤት ቅቤ አምጥቶ የድርሻውን ድንጋይ እስኪጠግብ ቀባው። እሱ ምን ያድርግ፣ በአገሩ ቅቤ ያላማረበት ነገር የለም፤ ፀጉር ያበራል፣ ጠፍር ያለሰልሳል፤ ድንጋይስ ለምን ይቀርበታል ብሎ ነው።

ጓንጉል ሲመለስ ድንጋዩ ቦግ ብሏል። የሰፈሩ ውሾችም ዙሪያውን ከበው ይልሱታል። ቢረሳው መሐላውን ደረደረ፤ «አያ ጓንጉል፣ እመብርሃን ትየኝ፣ በክንዴ ብቻ ነው ያበራሁት» ይላል።

«አምንሃለሁ ልጄ፤ ውሾቹም የክንድህን ዝና ሰምተው ነው የመጡት።»

ቅቤው ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር፣ ቢረሳው በአመድና በፈላ ውኃ ሲያወጣው ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር ይባላል፤ ይህን እንኳ እኔም አላምንም።

፬

ባሻ ገላው፣ እነዚያ ሰነፎች ሙያ ሲይዙ ሲያይ ሆዱ ተቃጠለ። የእህቱ ልጅማ ጭራሽ ከድንጋይ ሌላ ወሬ ጠፋበት። ባሻ ሌላ መንገድ ሲያጣ ጓንጉልን ከሰሰው። ያኔ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሁሉ በቡዳነት ይታማ ነበር።

«ይህ ሰው ቡዳ ነው» አለ ባሻ ዳኛው ፊት ቆሞ። «የጨዋ ልጆች አፍዝዞ ድንጋይ ላይ አንበርክኳል። የእህቴ ልጅ ከስቷል፤ ሊበላብኝ ነው።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዳኛው ካመኑ ጓንጉል ከከተማው ይባረራል፤ እሱ ከተባረረ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ነው። ጓንጉል ፈርቶ ነበር። በዚህ ስም ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደተሰደደ ያውቃላ።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። «ሰው ትበላለህ ይሉሃል፤ ምን ትመልሳለህ?» አሉት።

ጓንጉል ባሻን ከእግሩ እስከ ራሱ ቃኘው። ባሻ ገላው የግቢ ጮማ ያደለበው፣ መቀነት የማይደርስለት ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ ሰው የምበላ ብሆን ኖሮ ባሻ እንዲህ ሰብተው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቆሙ ነበር?»

ዳኛው አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ። ሲገልጡት ክሱን ዘጉ።

፭

የቀረው ሰም ነው። ሰም ያለው ደግሞ ነጋድራስ ጎበዜ ዘንድ ነው፤ እሱም ዝንብ ማሩ ላይ ብታርፍ እግሯን አጥቦ የሚለቅ ሰው ነው ይባላል። ደጃዝማች «ስጠው» ብለው ስለላኩበት እምቢ ማለት አልቻለም። አውራ ጣት የምታህል ሰም ቆረሰና፣ «እንካ፣ ይህችን አብቃቃት። ጥቂት ነገር በረከት አለው» አለ።

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ትበቃለች ነጋድራስ፤ በሠርጉ ዕለት እንግዳው ሁሉ ባለበት አንዷን ድንጋይ አሳይቼ ‹የነጋድራስ ቸርነት እስከዚህ ድረስ ነው› እላለሁ።»

ከበሩ ሳይወጣ ነጋድራስ መልሶ አስጠራው። ሰሙን አሽከር ተሸክሞለት ሄደ።

፮

የልጅ እንግዳወርቅ እናት፣ የባሻ እህት መሆናቸው ነው፣ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው መዳፉን ሲይዙ ደነገጡ። ያ ለስላሳ እጅ ጠጥሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጥፍሩ ሥር ኖራ ገብቶበታል። «አንተ ጓንጉል፣ ልጄን ብሰጥህ ድንጋይ አድርገህ ትመልስልኛለህ?» ብለው እንባቸውን አወረዱት።

«አይ እመቤቴ፣ የሰጡኝስ ድንጋይ ነበር።»

ቀድሞ የሳቀው ልጅ እንግዳወርቅ ነው።

፯

ወለሉ በሠርጉ ዋዜማ አለቀ። ስንጥቁ የት እንደነበር የሚለይ ጠፋ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጣራውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጓንጉል መካከሉ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አባቱ ይህን ቢያዩለት ብሎ ነው ያለቀሰው። ከዚያ አፍንጫውን ጠራረገና ለሠርጉ የሚለብሰው ኩታ ሊዋስ ወጣ።

በዚህ ሙያ አንድ ወግ አለ፤ የደጃፍ ድንጋይ አይለሰልስም። የሚገባው ሰው እግሩ እንዲይዝለት፣ እንደ ወፍጮ ተወቅሮ ሻካራውን ይተዋል። ጓንጉል ይህን ለተማሪዎቹ አልነገራቸውም። በእሱ ቤት ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር ማስተማር ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም። ተማሪዎቹ ደግሞ ልባቸው በሥራቸው ሞልቷል። ሌላው ሁሉ ሲያበራ ደጃፉ ብቻ ሻክሮ ሲያዩት፣ «አያ ጓንጉል ደክሟቸው ነው የተዉት፤ እኛ እንጨርስላቸው» ተባባሉ። እሱ ኩታ ፍለጋ እንደወጣ ተሻምተው አሹት፤ ሰሙንም ከሌላው ይልቅ አበዙለት።

በማግስቱ ከበሮው እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ ሠርገኛው መጣ። ደጃዝማች ወንድይራድ ካባቸውን ደርበው፣ ለዕለቱ ያስመጡትን አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ አማቾቻቸውን በግራ በቀኝ አድርገው ከፊት ይመራሉ። ጓንጉል ከሕዝቡ ኋላ በተውሶ ኩታው ሆኖ ደጃፉ ሲያብረቀርቅ አየ። «ወየው» አለ፤ ከዚያ በላይ ለማለት ጊዜ አላገኘም።

ደጃዝማች አንድ እግራቸውን ደጃፉ ላይ ሲያሳርፉ ድንጋዩ ይዟቸው ሄደ። ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው በግንባራቸው ተደፉ። ካባቸው ተገልብጦ ራሳቸው ላይ ወደቀ። ወለሉም ፊታቸውን አሳያቸው፤ ከዚህ ቅርብ ሆኖ ያየ ሰው የለም።

ከበሮው ቆመ። አማቾቹ ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ቄሶቹ መስቀላቸውን ያሻሻሉ። የተማሪዎቹ ፊት አመድ መሰለ፤ ቢረሳውን ሆዱን ቆረጠው፤ በዚህ ቀን እንኳ እውነቱን ነበር። ባሻ ገላው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና፣ «እኔ አላልኩም ጌታዬ? ይህ ቤት ለጋጣ ነው የሚበጀው» እያለ ክንዳቸውን ለመያዝ ጎነበሰ።

ደጃዝማች ገና ከተደፉበት ቀና ሳይሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ነገ አልልም፤ ዛሬውኑ ይፍረስ። ያንንም ሰው ያዙልኝ» አሉ።

ጓንጉል ማንም ሳይይዘው መጣ። ከጎናቸው ተንበረከከ፤ ግንባሩን እንደ እሳቸው ድንጋዩ ላይ ደፋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከእሳቸውና አጠገባቸው ከቆመው ከልጅ እንግዳወርቅ በቀር ሌላ እንዳይሰማው በጆሯቸው ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ካፈረሱት አገር ሁሉ ‹ደጃዝማች ወደቁ› ይላል፤ ካቆሙት ግን ‹ደጃዝማች ለንጉሥ ቤት ሰገዱ› ይላል።»