ለአንድ መብረቅ ሁለት ጎረምሳ

በመጨረሻ የምትሰሙትን ምሳሌ ሁሉም ይናገረዋል፤ መጀመሪያ ለማን እንደ ተባለ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የተባለው በእኛ አገር፣ በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ፣ ሰው በንዴት ዱላ ሊማዘዝ ሲል ነው።

አፋፍ የሚባለው መንደር ሦስት ገና በተከታታይ በጎረቤቱ በግራምባ ተሸንፏል። በዚያ አገር ደንብ፣ ያሸነፈ መንደር በወንዙ ዳር ባለው ለምለም መስክ ዓመቱን ሙሉ ከብቱን ያሰማራል፤ የተሸነፈው የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ ሣር ይፈልጋል። የአፋፍ ላሞች ጎድናቸው ይቆጠር ነበር። ነባሮቹ ተጫዋቾች አርጅተዋል። ስለዚህ ከነሱ አንዱ የሆነው ቢሻው የሚባል እንጨት ጠራቢ ከመጀመሪያው ሽንፈት ጀምሮ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ያለማምዳቸው ነበር፤ ዱላቸውንም ከወይራ እየቆለመመ ሠራላቸው። በተለይ ጫንያለውና ውብእሸት የሚባሉት ሁለቱ ከጠፍር የተሠራችውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ሳይተያዩ ይቀባበሏት ነበር።

«ሁለት ገና ብቻ ታገሱኝ» አለ ቢሻው ለመንደሩ። «እነዚህ ልጆች ሲጠኑ መስኩ የኛ ነው።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ለአፋፉ ጭቃ ሹም ለአቶ ይርዳው ግን ይህ አባባል አልደረሰውም። ባለፈው ገና ግራምባዎች በስሙ የዘፈኑት ከጆሮው አልወጣ አለ፦

«የይርዳው ሰፈር ሰው ገና ሲጫወት፣
ሩር እያሳለፈ ይቆማል እንደ ቤት።»

ግራምባን ለድል የሚያበቃው ደምሰው ነው፤ ከምቱ ኃይል የተነሣ «መብረቅ» ይሉታል። እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ በሽማግሌ ፊት ተጫዋች መለዋወጥ የአገሩ ወግ ነበርና ይርዳው ማንንም ሳያማክር ግራምባ ወረደ፤ መብረቅን ስጡኝ አለ። ግራምባዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ጫንያለውንና ውብእሸትን አምጣና ውሰደው» አሉት።

የጨዋታው ዳኛ፣ አዛውንቱ አባ ጥላዬ፣ «ልጆቹን ጠይቀሃል?» አሉት።

«የመንደሬ ልጆች ናቸው፤ ምን ይጠየቃሉ!» አለና እጁን ዘረጋ፤ እጅ ለእጅ ተማትተው ውሉን አሰሩ።

ቢሻው ወሬው ሲደርሰው ሞፈር እየጠረበ ነበር። መጥረቢያውን እንደ ያዘ ጭቃ ሹሙ ደጅ ደረሰ።

«አንተ ይርዳው! ልጆቹን ሸጥካቸው?»

«ምን ሽያጭ አለው? ለወጥኩ እንጂ። ሁለት ጥሬ ሰጥቼ አንድ ብስል አመጣሁ።»

«ብስል? እሱ እኮ ጉልበቱን በቅቤ እያሸ ነው የሚጫወተው! የዛሬ ዓመት ማን ሊጫወትልህ ነው?»

«የዛሬ ዓመትን ተወኝ! ሦስት ዓመት የተሰደብኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም!» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ጫንያለው ቢሻው ቤት መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋን?»

ቢሻው፣ «ምንም አላጠፋችሁም» አለ። «ዱላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ለአፋፍ ብላችሁ እንዳትለግሙ! ለግማችሁ ባይ እናንተንም አልምራችሁም።»

የገና ዕለት ቢሻው አልጫወትም ብሎ ከተመልካች ጋር ቆመ። ጨዋታው ገና ከመጀመሩ መብረቅ አንዴ መታ፤ ሩሯ ጉም ሰንጥቃ ከግራምባ ድንበር አለፈች። አፋፍ በእልልታ ቀለጠ። ይርዳው ጋቢውን እያወናጨፈ ቢሻውን በዓይኑ ፈለገው። ከዚያ በኋላ ግን ለመብረቅ የሚያቀብለው ጠፋ። መሐል ሜዳ ቆሞ «ወዲህ! ወዲህ በሉ!» ይላል፤ ሩሯ አትመጣም። ሮጦ እንዳያመጣት ጉልበቱ እምቢ አለው። ጫንያለው ይነጥቃል፣ ውብእሸት ይመታል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አራት ጊዜ አሳለፉ። በአራተኛው ውብእሸት አልጨፈረም፤ ይርዳው ፊት ሄዶ ቆመና ትክ ብሎ አየው።

ይርዳው ልጁን ትቶ ወደ ቢሻው ዞረና ደረቱን ገፋው።

«ያንተ ሥራ ነው! መክረህ ነው የላክሃቸው!»

ቢሻው አጠገቡ ከቆመው ሰው ዱላ ነጠቀ። «አዎ መክሬአቸዋለሁ! ሦስት ዓመት ሙሉ መክሬአቸዋለሁ! አንተ ስማቸውን እንኳ ያወቅኸው ግራምባ ሲጠራልህ ነው!»

ዱላው ወደ ላይ ተነሣ። ሴቶች ጮኹ። አባ ጥላዬ መሐል ገብተው የቢሻውን ክንድ ያዙ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቀው ዱላውን ወሰዱ። ማዶ የግራምባ ከብቶች ወደ መስኩ ሲነዱ ይታያል፤ ሁለቱን ልጆች ሰው በትከሻው ተሸክሟቸዋል።

አዛውንቱ ያንን አዩና ወደ ጭቃ ሹሙ ዞሩ። «ይርዳው፣ ሌላ ሰው አትክሰስ፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።»