እናቱን ይዞ ጫካ ዳር የቆመው ሹፌር

ስንዱ የምትባል ሴት መሪጌታ ልሳኑን ልትጠይቅ መጣች። «እናቴ በእርጅና ሕመም ረሳችኝ» አለቻቸው። «በሄድኩ ቁጥር ማን እንደሆንኩ እጠይቃታለሁ፤ አታውቀኝም። እያለቀስኩ እመለሳለሁ። ካላወቀችኝ መሄዴ ምን ይጠቅማል?»

መሪጌታ እንዲህ አሏት።

አንድ ሹፌር ነበረ። እናቱ አገር ቤት ሆና አእምሮዋ እየከዳት ሄደ፤ መጀመሪያ የጎረቤቶቿን ስም፣ ኋላም እሱን ራሱን ረሳች። ከተማ ወስዶ ሊያሳክማት በመኪናው አሳፍሯት ተነሣ። የሐኪሙ ቀጠሮ ለስምንት ሰዓት ነበር።

መንገዱን ሙሉ ይጠይቃታል። «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» ይላታል። «ሹፌሩ ነህ» ትለዋለች። የአባቱን ስም ይነግራታል፣ የተወለደበትን ቀን ይነግራታል፣ ደግሞ መልሶ ይጠይቃታል። በመጨረሻ እናትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መልስ መስጠት ተወች። እሱም ተናደደ፤ ንዴቱ ግን ከሐዘን የመጣ ነበር።

ከተማው ሊታይ ጥቂት ሲቀር፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለ። ሰውየው ጫካ ዳር አቆመና ውሃ ሊጨምር ወረደ። ጨርሶ ቀና ሲል እናቱ መኪናው ውስጥ የለችም። ደንግጦ እየተጣራ ወደ ጫካው ገባ። ብዙም አልራቀችም። ጽዶቹ መካከል አንድ ኮሽም ሥር ቆማ፣ እሾሁን በአንድ እጇ ገለል እያደረገች ቢጫ ፍሬውን ትለቅማለች። የበሰለውን ካልበሰለው ትለይ ነበር።

«እማዬ፣ ረፍዶብናል፤ ነይ እንሂድ» አላት።

«ቅመሰው» ብላ አንድ ፍሬ ሰጠችው።

ቀመሰው። ኮምጣጣ ነበርና ፊቱን አጨማደደ። እናቱ ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ዓመት አልፎት ነበር።

«እኔም ልጅ አለኝ» አለችው። «እንዳንተው ፊቱን እያጨማደደ ይበላል፤ ግን አይተውም።»

«እኔ ነኝ እኮ» ሊላት አፉን ከፈተ። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ብሏታል። አሁን ግን ቃሉን ዋጠና መሬት ላይ ተቀመጠ። «እስቲ ስለ ልጅሽ ንገሪኝ» አላት።

አጠገቡ ተቀምጣ ነገረችው። ኩፍኝ ይዞት ሰባት ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ እንደሰነበተ፣ በስምንተኛው ቀን ውሃ ሲለምናት ከደስታዋ ብዛት ቅሉ ከእጇ ወድቆ እንደተሰበረ አወራችው። ከተማ ሊኖር የሄደ ለት ደግሞ፣ ለቅሶዋን አይቶ እንዳይቀር ብላ ጓሮ ተደብቃ እንደዋለች ነገረችው። ሰውየው ይህን አያውቅም ነበር። የዚያን ቀን እናቱ ወጥታ ስላልሸኘችው ለዓመታት ቅር ብሎት ኖሯል።

«ልጅሽ ይህን ያውቃል?» ሲል ጠየቃት።

«አልነገርኩትም። ስታገኘው አንተ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አላት።

የሐኪሙ ተራ አለፋቸው፤ በማግስቱ ገቡ። ሐኪሙም በሽታው እንደማይድን፣ በመድኃኒት ግን ዝግ ሊል እንደሚችል ነገረው። ሰውየው እናቱን ከተማ ካለችው እህቱ ዘንድ አኖራት፤ በየእሑዱም እየመጣ ወደዚያ ጫካ ይወስዳት ጀመር። ከዚያ በኋላ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ነገር ግን እሑድ ሲሆን በማለዳ ትነሣና፣ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ያ ሹፌር ዛሬ ቆየ» እያለች ትጠብቀው ነበር።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ስንዱ ዞር አሉ።

«አንቺም እንደዚያ ሹፌር ነሽ፤ ግን ገና ከመኪናው አልወረድሽም። እናትሽን የምትጠይቂያት ልትመልሰው የማትችለውን ነው። እሷ አንቺ ወዳለሽበት መምጣት አቅቷታል፤ አንቺ ግን እሷ ወዳለችበት መሄድ ትችያለሽ። ነገ ስትሄጂ ማን ነኝ አትበያት። አጠገቧ ተቀመጪና ልጅ እንዳላት ጠይቂያት። ስለ ስንዱ የምትነግርሽ አታጣም።»