አንድ ሰው የሚያህል አፈር

ከዚህ በታች ከምናገረው አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ይቆረጥ፤ የቀረችኝም ጥርስ ትርገፍ።

በአንድ ወቅት ጭንጫ አምባ በሚባል አገር ትጓደድ የምትባል ባልቴት ነበረች። አገሩ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዶሮ ስትጭር እንኳ የእሳት ብልጭታ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረው፣ ሰው ሲሞት አስከሬኑን ተሸክመው፣ አይመልስ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው፣ ከማዶው ደብር ይቀብሩ ነበር። አይመልስ ደግሞ በክረምት በሬ ከነቀንበሩ፣ ከነእርፉ፣ ከነገበሬው የሚወስድ ነው።

የትጓደድን አንድ ልጅ፣ ልጅዓለምን፣ በማሳ ድንበር ተጣልቶ የገደለው ጥጋቡ የሚባል ጎረቤቷ ነው። ገደለና ወደ ቆላ ሸሸ። ጊዜው ክረምት ነበርና አስከሬኑን ማሻገር አልተቻለም። የገዛ ወንድሟ ቄስ መርሻም ያን ጊዜ ማዶ ነበር፤ ወንዙን ፈርቶ ለፍትሐት ሳይመጣ ቀረ። ልጁ እናቱ ባላት ቁራጭ ማሳ ዳር፣ ጸሎት ሳይደረግለት፣ እንደ ወደቀ ከብት አፈር ለበሰ። ትጓደድ ይህ ነገር ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት። ወንድሞቿን አስጠርታ፣ “ልጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካልቻለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ ልጄ ትምጣ” አለቻቸው።

ማሳዋን ሰጠች። ታላቅ ወንድሟ ደርበው ግንበኛ ነውና ድንጋዩን ፈልጦ ግድግዳውን አቆመ። ቄስ መርሻ ከማዶው ገዳም ታቦት ሊያመጣ ቃል ገባ። አበምኔቱ የቂርቆስን ታቦት ሊሰጡ ተስማሙና አንድ ሥርዓት ነገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የመሠረተ ሰው ሲሞት ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ይቀበራል። በስተምሥራቅ ያለው ግን አለት ነው። ከልጅዓለም መቃብር ጎን አንድ ሰው የሚያህል አፈር ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትጓደድ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ያቺን አፈር ብቻ ሆነ።

ሕንፃው አልቆ፣ ደወሉ ተሰቅሎ፣ ታቦቱ ገና ሳይገባ፣ የቆላ ንዳድ ጥጋቡን ወደ አገሩ መለሰው። የልጅዓለም አጎቶች፣ የትጓደድ ባል ወንድሞች፣ አዩትና ጎራዴ መዘው ተከተሉት። ጥጋቡ ሲሮጥ መስቀልና ጉልላት አየ። ዘሎ ገብቶ ደወሉን ደወለ። ደወል የደወለ ሰው፣ ነፍሰ ገዳይም ቢሆን፣ አይነካም፤ ያገሩ ልማድ ነው። ግን ታቦት አለመግባቱን አላወቀም። ከምሥራቁ መስኮት ሥር ማን እንደተኛም አላወቀም።

አጎቶቹ ያውቃሉ። “ታቦት የሌለው ደወል ምን ደወል ነው፤ የበግ ቃጭል ነው እንጂ” ተባባሉና ወደ በሩ ተጠጉ።

በሩ ላይ ደርበው ለልስን ጭቃ እያቦካ ነበር። በዚያ ቤት ደም ከፈሰሰ ታቦት እንደማይገባበት ያውቃል። ድንጋይ እየደረደረ በሩን ይደፍን ጀመር። ዞር በል አሉት፤ አልዞረም። አንደኛው በጎራዴ መታው፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ጭቃው ላይ ረገፉ። ደርበው አላነሳቸውም። ድንጋይ ጫነባቸውና ግንቡን በግራ እጁ ጨረሰው። “እንግዲህ ጠብቁት” አላቸው፤ “ረሃብ ደም አያፈስም።” አጎቶቹ ነገሩን ወደዱት። በተደፈነው በር ፊት ተቀምጠው ገበጣ እየተጫወቱ፣ ውስጥ ያለው ሰው ጩኸቱ እስኪደክም ይጠብቁ ጀመር።

ቄስ መርሻ ይህን ሲያይ ጭንቅ ያዘው። በሩ ቢፈርስ ሰውየው ይታረዳል፤ ባይፈርስ ለነፍስ መዳኛ የተሠራው ቤት የሰው ማስራቢያ ይሆናል። መፍትሔው ታቦቱ መግባቱ ብቻ ነው። ዲያቆን ልጁን ፍሬውን ጥላ አስይዞ ገሰገሰ። ሲሄዱ የአይመልስ ውሃ እስከ ጉልበት ነበር፤ ሲመለሱ ሰማዩ ተቀደደ። አበምኔቱ ወንዙ እስኪጎድል ቆዩ ብለው ቢለምኑት ሰው እየሞተ ነው ብሎ እምቢ አለ። መሃል ወንዙ ላይ ጎርፉ ፍሬውን ከእግሩ ነቀለው። “አባ፣ እጅህን” አለ ልጁ። የመርሻ ሁለት እጆች ከራሱ ላይ ያለውን ታቦት ይዘዋል፤ አንዱን ቢለቅ ታቦቱ ይሄዳል። አለቀቀም። ዞሮም አላየም። ከወንዙ ሲወጣ ከልጁ የቀረው ቋጥኝ ላይ የተንጠለጠለው ጥላ ነበር።

ትጓደድስ? ትጓደድ በሩ በተደፈነ ዕለት ከልጇ መቃብር አጠገብ ተቀመጠች። አጎቶቹ ካሉበት አትታይም። ከላይዋ፣ በጠባቡ መስኮት፣ የጥጋቡ ትንፋሽ ይሰማታል። ሄደች፤ ገብስ ቆላች፤ በቅል ውሃ ይዛ ተመለሰች። እጅ ወጣ። ልጇን የገደለው ያው እጅ ነው። ቆሎውን ዘገነችለት።

“ብላ” አለችው። “ከመስኮቱ ሥር የተኛው ልጄ ነው።”

ትን አለው። በማግስቱም መጣች፤ ባመጣች ቁጥር ከቆሎው ጋር ስለ ልጇ ትነግረዋለች። አፉን የፈታው ዘግይቶ እንደሆነ፣ ነጎድጓድ ይፈራ እንደነበር፣ የወደቀ ቀን ማንን እንደጠራ። ጥጋቡ ግንቡን በግንባሩ እየመታ፣ “እናቴ፣ ቆሎው ይቅርብኝ፣ ብቻ አይንገሩኝ” ብሎ ለመናት።

“ለየብቻ አይሰጥም” አለችው።

ይህ ምሕረት ይሁን በቀል እሷም አልለየችውም። አንድ ቀን ግን ጠጠሩን ከገብሱ ለቅማ እያወጣችለት መሆኑን ድንገት ልብ አለችና በገዛ እጆቿ ተናደደች።

ታቦቱ ደረሰ። አጎቶቹ ጎራዴያቸውን ጥለው በግንባራቸው ተደፉ። ደርበው ግንቡን በግራ እጁ አፈረሰው። ሁሉም አስከሬን ሲጠብቅ ጥጋቡ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሲገባ ከነበረው ወፍሮ ወጣ። መርሻ አየው፤ ከዚያ እህቱን አያት። ውሃ ከቀሚሱ ይንጠባጠባል።

“ሰውየው እንደማይሞት ብትነግሪኝ ኖሮ ወንዙ እስኪጎድል እቆይ ነበር” አላት።

“ለልጄ ያልተሻገርከውን ወንዝ ለገዳዩ ተሻገርክለት” አለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

ክረምቱ ሲወጣ አበምኔቱ መሥራቹን ሊለዩ በበቅሎ መጡ። ደርበው የተቆረጠ እጁን ዘርግቶ፣ “ጣቶቼ ቀድመውኝ ከግድግዳው ገብተዋል፤ የቀረሁትን ጨምሩኝ” አለ። ቤቱ ሳይረክስ የቆየው በእሱ ነው። ቄስ መርሻ ያንን ጥላ ይዞ ቀረበ፤ ለራሱ አልጠየቀም፤ አስከሬኑ ላልተገኘው ልጁ ጥላው እንዲቀበርለት ለመነ። ቤቱ ቤተ ክርስቲያን የሆነው እሱ ባመጣው ታቦት ነው። ትጓደድ፣ “መሬቱ የእኔ፣ ልጁ የእኔ፣ በዚያ ቤት መጀመሪያ የበላው ሰው የበላው ከእጄ” አለች። ታቦት ሳይገባ፣ ቄስ ሳይቀድስ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥራ የሠራች እሷ ናት። መርሻ ግን ለአበምኔቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆሎው በመርዝ የተለወሰ ነበር፤ መርዙም ቃል ነው አላቸው።

አበምኔቱ ግራ ገባቸውና የደብሩ ደዋይ ሆኖ የቀረውን ጥጋቡን ጠየቁት፤ ማን አዳነህ አሉት።

“ግንቡ ከጎራዴ አዳነኝ” አለ ጥጋቡ። “ታቦቱ ከግንቡ አወጣኝ። ቆሎው ከረሃብ አተረፈኝ። ጎራዴው ይሻለኝ ነበር።”

አበምኔቱ ፍርዱን ለምእመናኑ ትተው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ምእመናኑም እስከ ዛሬ አልቆረጡም። ሦስቱም እጅግ አርጅተዋል፤ አንዱ ባሳለ ቁጥር ሁለቱ ጆሯቸውን ይጥላሉ። አፈሩ እንዳለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት የገበጣውን ነገር ብቻ ነው፤ አጎቶቹ ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት። ሌላው እንደ ሆነው ነው። በሉ ፍረዱ፤ ሬሳ መጥቶ በር ላይ ሳይቆም ንገሩኝ፦ ያቺ አንድ ሰው የምታህል አፈር የምትገባው ለማን ነው?