የግማሽ ገብስ በቅሎ

«እማዬ፣ ሃይብሪዷን ብገዛ ያዋጣኛል?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ትርሲት፣ አንድ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ።

መኪናዋ ከፍ ያለች፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ናት። የምትጠጣው ቤንዚን የሌሎቹን ግማሽ ነው፤ ዋጋዋ ግን ከሌሎቹ በብዙ ይበልጣል። እኔ ሂሳብ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሷ በወረቀት አስልታ ጨርሳለች። መሥሪያ ቤቷ ለቤቷ ቅርብ ስለሆነ በቤንዚን የምታተርፈው የዋጋውን ብልጫ የሚመልሰው በሃያ ዓመት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሐዋሳ የሚያመላልስ ሥራ ልትጠይቅ አስባለች፤ ጡት ያልጣለች ልጇን ለእኔ ትታ። «ብዙ ከነዳኋት እኮ በአራት ዓመት ትመልሳለች» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ተቆጥቼ ግን የረታሁበት ቀን የለም። አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ነገርኳት።

እርሻው ከደጁ፣ ገበያው ከወንዙ ማዶ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። አንድ ነጋዴ በቅሎ ይዞ መጣና፣ ይህች በቅሎ መንገድ ስትሄድ የሌላዋን ግማሽ ገብስ ይበቃታል አለው። ዋጋዋ የሁለት በቅሎ ነው። ሰውዬው ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ገዛት። ነጋዴውም እውነቱን ነበር፤ በቅሎዋ ግማሹን በላች። የተረፈውን ገብስ ሰውዬው ስልቻ ውስጥ እየጨመረ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ነገር ግን በቅሎዋ ቆማ ስትውል እንደማንኛዋም በቅሎ ነው የምትበላው። ትርፏ መንገድ ላይ ነው። ሰውዬው ደግሞ መንገድ የለውም። ስለዚህ መንገድ ፈለገላት። ማዶ ያለውን ገበያ አልፎ ሦስት ቀን ከሚያስኬደው ገበያ ጨው መግዛት ጀመረ። ጎረቤቶቹ፣ ጨው ከማዶ ጠፋ ወይ እያሉ ሲያሾፉበት፣ በሄድኩ ቁጥር አተርፋለሁ ይላቸው ነበር።

ሽማግሌ አባቱ ታመሙ። ከጉብታው ጀርባ ካለው ጠበል አድርሰኝ ብለው ለመኑት። ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። ሰውዬው በቅሎዋን ለሩቁ ገበያ ጭኖ ቆሞ ነበር።

«አባቴ፣ ይህች አጭር መንገድ ምንም አታተርፍልኝም» አለ። «ከገበያ ስመለስ አደርስዎታለሁ።»

በስድስተኛው ቀን ሲመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። አባቱ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗል። ሚስቱ አየችው። ስልቻውን ከግድግዳው አውርዳ፣ የዓመት ትርፉን ድስት ውስጥ ገለበጠችና ለለቀስተኛው ንፍሮ ቀቀለችው። ንፍሮው ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሰውዬው ባዶውን ስልቻ አንስቶ ውስጡን አየ።

ትርሲት ወረቀቷን እንደያዘች ታየኛለች።

«ትርሲትዬ፣» አልኳት፣ «በቅሎዋ ምን አጠፋች? መንገዱ ረጅም ለሆነ ሰው ዋጋዋን ትመልስ ነበር። ያ ሰው ግን በቅሎዋን ገዝቶ ነው መንገድ የፈለገው። መኪናሽም እንደዚያች በቅሎ ናት። መንገድሽ ረጅም ከሆነ ግዢያት፣ ታዋጣሻለች። አጭር ከሆነ ግን፣ እግዚአብሔር ቅርብ አድርጎ የሰጠሽን ለእሷ ብለሽ አታርቂው።»

ወረቀቷን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፈገግ አለች።

«እሺ፣ አንቺስ እማዬ? ሽንኩርት በኪሎ አምስት ብር ይረክሳል ብለሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን አቋርጠሽ የምትሄጂው? ግማሽ ቀንሽ እኮ እዚያው ነው የሚያልቀው። እትዬ እምሻውን ከታመሙ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠየቅሻቸው?»

እትዬ እምሻው ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ትርሲትን ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። አልጋ ከያዙ ሦስት ወር አልፏል። ስንት ጊዜ እንደጠየቅኋቸው ልቆጥር ጀመርኩ፤ አንድ ጣት አጥፌ ሁለተኛውን የማጥፍበት አጣሁ። በየሳምንቱ፣ ዛሬ ገበያ አለብኝ፣ ስመለስ ገባ እላለሁ፣ እያልኩ ነበር። ስመለስ ደግሞ ይደክመኛል። የሰውዬውን ነገር በአፌ ስናገር ቆይቼ፣ ልቤ አሁን ሰማው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ዘንቢሌን ከምስማሩ አላወረድኩም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና አሥር እርምጃ ሄጄ የእትዬ እምሻውን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

ጎረቤትዎ ነኝ ልል ነበር፤ አፈርኩ።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ፣ «ዘገየሁ።»