ሁለቱ ካልቆሙ የማይከፈተው ጉድጓድ

ደርብ የሚባል ሰው መሪጌታ ልሣኑ ዘንድ ቀረበ። «የኔታ፣ ከሟቹ ወንድሜ ጋር የጋራ ቤት አለን። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ እንዳይሸጠው ብለን ካርታው ላይ እግድ አስመዝግበን ነበር። አሁን ሚስቱ ‹እግዱን እናስነሳና የልጆቼን ድርሻ ልውሰድ› ትለኛለች። የከለከላት እግዱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዝም ብል ምን አለብኝ?» አላቸው።

መሪጌታም ፊታቸውን አጥቁረው እንዲህ አሉት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር እህል የሚያኖሩበት የጋራ ጉድጓድ ነበራቸው። አንድ ዓመት እህሉ ጎደለና አንተ ነህ፣ የለም አንተ ነህ ተባብለው ዱላ ሊማዘዙ ደረሱ። የነፍስ አባታቸው መጥተው ገዘቷቸው። «ሁለታችሁ አፉ ላይ ሳትቆሙ ይህን ጉድጓድ የከፈተ የተወገዘ ይሁን!» አሉ። ከዚያ ወዲህ አብረው ይከፍታሉ፣ አብረው ይዘጋሉ፤ ጠቡም በረደ።

ታናሹ በወባ ሞተ። ሚስቱና አንድ ሕፃን ልጁ ቀሩ።

ክረምቱ ሲገባ ሴትዮዋ ወደ ገበሬው መጣች። «ጋሼ፣ ጉድጓዱን እንክፈተው፤ ልጁ የሚቀምሰው የለውም» አለችው።

«እኔማ ምን ከፋኝ! ግዝት አለብን እንጂ። ባልሽ መጥቶ አፉ ላይ ይቁምና ይከፈታል» አላት።

እግዚኦ! ከሞተ ሰው ጋር ቀጠሮ ያዘ። የገዘቱት ቄስ እኮ ከወንዙ ማዶ ነበሩ። አብረው ሄደው «አባ፣ ይፍቱን፤ በሟቹ ፈንታ ሚስቱ ትቁም» ቢሏቸው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በሆዱ ግን «ሲብስባት ወደ ወላጆቿ አገር ትሄዳለች፤ እህሉም ለኔ ይቀራል» ይል ነበር። እሱ ጓሮው ውስጥ ሙሉ ጎተራ ስላለው አልራበውም። ሴትዮዋ ብቻዋን ሄዳ ቄሱን ብትለምን «የተገዘተው እሱ ነው፤ ይምጣና ልፍታው» አሏት። እሱ አንዴ እግሬን፣ አንዴ ወገቤን እያለ ቀረ።

ሴትዮዋ አገሩን ለቃ አልሄደችም። ሳማ እየቀቀለች ልጇን አበላችው። ነሐሴ ላይ ልጁ ሞተ።

ገበሬው ያቺን ትንሽ ሬሳ ሲያይ የወንድሙ ፊት መጣበት። ግዝቱም ቄሱም ጠፍተውበት ዶማ ይዞ ሮጠ፤ ጉድጓዱን ብቻውን ከፈተው። ሳይናፈስ የከረመው እህል ውሃ ገብቶበት ጠቁሮ ነበር። ያንኑ የሸተተ እህል በሁለት እጁ አፍሶ ወደ ሴትዮዋ መጣ።

«እንኪ፣ ውሰጂ» አላት።

«ለማን ብዬ?» አለችው።

መሪጌታ ወደ ደርብ ዞሩ። «ሰማኸኝ? ጉድጓዱ ቤታችሁ ነው፤ ግዝቱም እግዳችሁ ነው። የተጣለው ሁለት ወንድማማቾች እንዳይበዳደሉ ነበር። አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ነው እንጂ ለቀሪው አይደለም። እግዱን የሚያነሳ ቢሮ አለ፤ የጎደለው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። ዝም ካልክ የከለከላት እግዱ ነው አትበለኝ። የከለከልካት አንተ ነህ። በል ተነሥ፤ ልጆቹ በሕይወት ሳሉ እናታቸውን ይዘህ ሂድ።»