ሳይታይ የታሸገው ካርድ

አንድ ጡረተኛ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ያፈሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ባለቤታቸው ሳፋና ባልዲ ይዘው ከጥግ ጥግ ይመላለሳሉ። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ። ተኝታችሁ ስትነሱ የማይለቅ ድካም ታውቃላችሁ አይደል? እነዚህ ባልና ሚስት እንደዚያ ደክሟቸዋል።

እኚህ ሰው አንድ ነገር ነበራቸው። ልጅ ሆነው ይርጋለም ሲማሩ፣ አንድ የሰላም ጓድ መምህር ወደ አሜሪካ ሲመለስ የሰጣቸው ካርድ ነው። ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ የሚጫወት ሰው ፎቶ ያለበት፣ መዳፍ የማይሞላ ወፍራም ወረቀት። ጂኦግራፊ መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት፤ እዚያው ኖረ።

ፒያሳ አሮጌ ቴምብርና ሳንቲም የሚሸጥ ተካልኝ የሚባል ወዳጅ አላቸው። አንድ ቀን ስለ ካርዱ ቢያነሱለት ከመቀመጫው ተነሳ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እዚያ አገር ፈላጊው ብዙ ነው! መርምረው ከአስር ውጤት የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ጥሩ ካገኘ ጣሪያዎ ተሠራ ይበሉት። ግን ማስመርመሪያው ውድ ነው፣ የተበላሸ ከሆነ መላኩ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ፀሐይ ላይ አውጥተው ይዩት። ጥጎቹ ተበልተዋል? ታጥፏል? ተጭሯል? አይተው ይንገሩኝና እንወስናለን።»

ምን ከባድ ነገር ጠየቃቸው? እንዲያዩት ብቻ!

እሳቸው ግን ፈሩ። መጽሐፉን ያወርዳሉ፣ ሳይገልጡ መልሰው ያስቀምጣሉ። ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ አየኸው ወይ?» ሲሏቸው «ነገ» ይላሉ። ብልሽት ቢገኝበትስ? የቀረቻቸው ተስፋ እኮ እሷው ናት።

በመጨረሻ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እስቲ እኛ የከበረ ወረቀት ሲኖረን ምን እናደርጋለን? ዲፕሎማችንን፣ የጋብቻ ወረቀታችንን? አዎ፣ ሳቁ! ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው በፕላስቲክ አሳሽገው ላሚኔት አስደረጉት። ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዙረው እዚያ ለምትሠራው ልጅ ሰጧት፤ እያብለጨለጨ ወጣ። ያንን ይዘው ተካልኝ ጋ ሄዱ።

ተካልኝ ተቀብሎ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አስጠጋው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት? ምንም እኮ አልነበረበትም። ጥጎቹን ይዩዋቸው፣ ትናንት የታተመ ነው የሚመስለው። እንዲህ ከታሸገ ባለሙያዎቹ አይቀበሉትም። ልላጠው ብል ፊቱ አብሮ ይነሳል።»

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሯቸው።

«ለምን አላየኸውም?»

«ፈራሁ» አሉ።

ሴትየዋ አልጮሁም። መጮህም አቅም ይፈልጋል። «በል ና፣ ዝናቡ መጣ፤ ባልዲውን ያዝልኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ በእኚህ ሰው አትፍረዱባቸው። ማን ነው ከእኛ መሐል ራሱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያየ? እግዚአብሔር አሳምራችሁ አምጡልኝ አላለም። ልያችሁ ነው ያለው። እኛ ግን ማየት ስለፈራን እናሽጋለን። ደግሞ እሱ እንደነዚያ ባለሙያዎች ጥጉ የተበላውን፣ መሐሉ የታጠፈውን ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቶ አይመልስም። ታዲያ ምን ያስፈራናል?

እሁድ እሁድ በር ላይ ቆሜ እጃችሁን እጨብጣለሁ። «እንደምን ናችሁ?» እላለሁ። «ተመስገን፣ ሰላም ነን» ትሉኛላችሁ። ከባሏ ጋር ከተኳረፈች የሰነበተችው፣ ሰላም። ልጁ ቤት ጥሎ የወጣበት፣ ሰላም። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያደረው፣ እሱም ሰላም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ይህን መልስ መስማት ደክሞኛል። እናንተም መመለሱ ደክሟችኋል፤ ፊታችሁ ይናገራል። እንግዲህ ዛሬም ወጥቼ በር ላይ እቆማለሁ። እባካችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ እጄን ይያዝና «ፓስተር፣ ሰላም አይደለሁም» ይበለኝ።