ገዢ ያጣው ጆንያ

አንድ ባለመጋዘን ነበረ፤ ልጄ መርከቡ፣ እንዳንተው ክፍል ከፋፍሎ ለዕቃ ማስቀመጫ የሚያከራይ። ክፉ ሰው አልነበረም።

ከተከራዮቹ አንዲቱ ባሏ ሞቶባት ቤቷን ስትለቅ ዕቃዋን እሱ ዘንድ አስቀምጣ እህቷ ወዳለችበት አገር ሄደች። እዚያ ታማ ተኛች፤ ኪራዩም ተቋረጠ። ሰውየው ሕጉ እንደሚያዘው አስጠነቀቀ፣ ቀኑ እስኪሞላ ጠበቀ፣ መልስ ሲያጣ ጨረታ አወጣ። አልጋው ተሸጠ፤ ቁምሣጥኑም ተሸጠ። ኪራዩን ቀንሶ የተረፈውን ገንዘብ በስሟ አስቀመጠላት። እስከዚህ ድረስ እንከን አላገኘሁበትም።

አንድ ጆንያ ግን የሚገዛው ጠፋ። ቢፈታው የሟቹ ፎቶግራፎች፣ በልጅነቷ የተቀጠፈችው ልጃቸው ቀሚስና ደብተሮች ናቸው። አንዱን ፎቶ አንስቶ አየ። ቆሞ ሲያጫርት ስለዋለ ዝሎ ነበር፤ አዲስ ተከራይም ክፍሉን ይጠብቃል። ጆንያውን መልሶ አሰረና በገዛ እጁ የቆሻሻ መኪና ላይ ጫነው።

ሴትየዋ ሲሻላት መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ገንዘቡንም ሰጣት። ስለ አልጋው አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ጆንያውስ?» አለች።

«ገዢ አላገኘም እህቴ። ጣልኩት።»

«ከእኔ ሌላ ማን ሊገዛው ኖሯል?» አለችው።

አላለቀሰችም፤ አልረገመችውም። ቸግሯት ነበርና ገንዘቡን ይዛ ሄደች። ሰውየው ቆሻሻው ወደሚደፋበት ሄዶ ቢጠይቅ፣ አፈር ከለበሰ ቆይቷል አሉት። የከሰሰው የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሕጉን ከፈጸምኩ በደል አለብኝ ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። በመሸጥህ በደል የለብህም፤ ኪራዩ ገንዘብህ ነው። ሕጉ ግን ሽጥ አለህ እንጂ ጣል አላለህም። ያ ሰው አልጋውን የወሰደባት በሕግ ነው። ጆንያውን የወሰደባት ግን ድካሙ ነው፤ ድካም ደግሞ ዳኛ ፊት አይቆምም። አንተም ዛሬ እንደሱ ጆንያ ፈትተህ ቆመሃል። መሰልቸትህ ይገባኛል፤ እኔም ሰው ሲያስታርቁ መዋል ሰልችቶኛል። ቢሆንም ባለቤቱ እስኪመጣ አንድ ጥግ ፈልግለት። ጥግ ካጣህ እኔ ዘንድ አምጣው። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ግን ከመኝታዬ ሥር ይገባል።